ከሰመርቀንድ ግንብ እስከ ጠባቧ ክፍል፦ የቴሌስኮፕ ታሪክና የጣና ዳር ሰማይ



የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ዕቃ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ወይም በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የሚኖር ወጣት፣ ገንዘብ አጠራቅሞ የመጀመሪያ ቴሌስኮፑን ሊገዛ ቢያስብ የትኛውን ይምረጥ? ጥያቄው የገበያ ይመስላል። መልሱ ግን ከታሪኩ የሚገኝ ስለሆነ በዚያው በኩል እንሄዳለን። ገንዘቡ የብዙ ወር ቁጠባ ነው፤ አንዴ ተሳስቶ የተገዛ ዕቃ ደግሞ ከአልጋ ሥር ገብቶ ይቀራል።

በመጀመሪያ ቴሌስኮፕ ያልነበረበትን ዘመን እናስታውስ። ኡሉግ ቤግ በ1420ዎቹ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው) በሰመርቀንድ ባሠራው የከዋክብት መመልከቻ ዋናው መሣሪያ 40 ሜትር ገደማ ራዲየስ ያለው የግንብ ቅስት ነበር። ይህን ያህል ለምን አገዘፉት? ሌንስ በሌለበት ጊዜ ማዕዘንን በትክክል ለመለካት ያለው አማራጭ መሣሪያውን ማግዘፍ ነውና። በዚያ ቅስት ላይ አንዲት ዲግሪ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ትይዛለች። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሊያቆም የሚችለው ንጉሥ ብቻ ነው።

መሣሪያውን ያሳነሰው የብርሃን ዕውቀት ነው። እዚህ ላይ በበስራ የተወለደውን ኢብኑል ሀይሠምን ሳናነሳ አናልፍም። የእርሱ ታሪክ ከእኛ ውኃም ጋር ይገናኛል። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት የግብፁ ገዥ አል-ሓኪም የዓባይን ጎርፍ እንዲገድብለት አስጠራው። እርሱም ከአስዋን ወዲያ ድረስ ሄዶ ወንዙን ካየ በኋላ በዚያ ዘመን አቅም የማይቻል መሆኑን ተረዳ፤ ቅጣትም ፈርቶ እንዳበደ ሰው ሆነ ይባላል። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደውን ያን ክረምታዊ ጎርፍ በአንድ ሰው ብልሃት ማቆም አይቻልም ነበር። እርሱ ግን ‹‹ኪታቡል መናዚር›› የተባለውን መጽሐፉን ትቶ በ1040 ገደማ ካይሮ ላይ አረፈ። በዚህ መጽሐፍ የምናየው ብርሃን ከነገሩ ወደ ዐይናችን ስለሚመጣ እንጂ ከዐይናችን ጨረር ስለሚወጣ አለመሆኑን በሙከራ አስረዳ። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በ1572 ባዝል ከተማ ታተመ፤ በኋላ የመጡት እነ ኬፕለርም ከዚያ መስመር ተምረዋል። ቴሌስኮፕን ኢብኑል ሀይሠም ሠራው የሚሉ ወንድሞች አሉ። ልክ አይደለም። እርሱ ካረፈ ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1608 በሆላንድ ሊፐርሄይ የተባለ መነጽር ሠሪ ነው መብቱን የጠየቀው።

በቀጣዩ ዓመት ጋሊሊዮ 20 ጊዜ ገደማ የሚያጎላ ቱቦ ሠራ፤ በጥር 1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች አየበት። ከዚያ በኋላ መሣሪያው እንደገና ገዘፈ። በጊዜው የነበረው ሌንስ በምስሉ ዙሪያ ቀለም ስለሚያሳይ ይህን ለመቀነስ ቱቦውን ማስረዘም ግድ ሆነ። የዳንዚጉ ሄቬሊየስ ያቆመው 45 ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር። ኒውተን ግን በ1668 ሌንሱን ትቶ በመስታወት ሠራና ርዝመቱን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር አወረደው። በአንድ ክፍል ለሚኖር ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ዜና ይህ ነው ብንል አላጋነንም።

ቴሌስኮፕ ወደ ጣና አካባቢ መምጣቱን በዝርዝር ከጻፉት አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በ1769 ከምጽዋ ተነሥቶ በ1770 ጎንደር ገባ፤ ጢስ ዓባይንም አየ፤ ኅዳር 1770 ላይ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ደረሰ። ቴሌስኮፑን የፈለገው ለጌጥ አልነበረም። የጁፒተር ጨረቃ ወደ ጥላ የምትገባበት ቅጽበት በሠንጠረዥ አስቀድሞ የተሰላ ስለሆነ፣ ያ ቅጽበት በአካባቢው ሰዓት ስንት ላይ እንደሆነ የለካ ሰው ያለበትን ኬንትሮስ ያገኛል፤ የአንድ ሰዓት ልዩነት 15 ዲግሪ ነው። የጁፒተር ጨረቃዎች ለመንገደኛው የሰማይ ሰዓት ሆኑለት ማለት ነው።

ሸክሙን ግን እንመልከት። ብሩስ ኳድራንት የተባለ ከባድ የመለኪያ መሣሪያም ነበረው። ከምጽዋ በላይ ባለው የታራንታ አቀበት ላይ ተሸካሚዎቹ በደከሙ ጊዜ ያሲን የሚባል ሙስሊም መንገደኛ ከብሩስ ጋር ሆኖ ተሸከመው። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንን አልደበቀም። ያሲን የሚለውን ስም በትምህርት ቤት መጻሕፍታችን አላገኘነውም፤ የብሩስን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ከብሩስ በኋላ የመጣው አንትዋን ዳባዲም ከ1838 እስከ 1848 ድረስ በአገራችን ተመላልሶ ተራሮቻችንን የለካው በትናንሽ መሣሪያዎች ነው።

እንግዲህ ወደ ክፍላችን እንመለስ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ጁፒተርና ሳተርን በጉዟቸው አጋማሽ ላይ ከአድማስ ከ50 ዲግሪ በላይ ይወጣሉ፤ አንዳንዴም አናት ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ የኮንዶሚኒየም በረንዳ፣ ከላይ የጎረቤት በረንዳ ስላለበት፣ ዋናውን ሰማይ ይሸፍናል። ወደ ግቢ ወይም ወደ ሐይቁ ዳር በአንድ እጅ ሊወርድ የማይችል ቴሌስኮፕ ለዚህ ቤት አይሆንም። በሰሜን ኮከብ አቅጣጫ የሚስተካከለው ባለ ሚዛን ብረት ማቆሚያም አይመችም፤ የሰሜን ኮከብ እዚህ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል የጎረቤት አጥርና የማንጎ ዛፍ ይጋርደዋል። ከጣና ዳር ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚያይ ግን ከውኃው በላይ ይታያል። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ የሚዞር ቀላል ማቆሚያ ይሻላል። አሜሪካዊው ጆን ዶብሰን በ1960ዎቹ ያስፋፋው የእንጨት ሣጥን መቀመጫ ማንኛውም አናጺ ሊሠራው የሚችል ነው።

በእኛ አስተያየት ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው፣ ሌላው 114 ወይም 130 ሚሊ ሜትር መስታወት ያለውና በበርጩማ ላይ የሚቀመጠው አጭር ቱቦ። ቦታ ከተገኘ ሁለተኛው ይበልጣል፤ ብርሃን የሚሰበስበው ስፋት ነውና። ሣጥኑ ላይ ‹‹600 ጊዜ ያጎላል›› የሚለውን አትመኑ። 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ በጥሩ ሌሊት ከ140 ጊዜ በላይ አይጠቅምም፤ የሳተርን ቀለበት ደግሞ በ50 ይታያል። የሚንቀጠቀጥ ማቆሚያ ካለው ሌንሱ ምንም ቢያምር ተዉት። የሐይቁ እርጥበት ሌንስን ስለሚያሻግት፣ ጤዛ የነካውን ሳያደርቁ ሣጥን ውስጥ መክተት አይገባም። ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ስለማያስመለክት ግዢውን ለጥቅምት ማቆየት ይቻላል።

ፀሐይን በቴሌስኮፕ ማየት ዐይን ያሳውራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ በሆነ ጊዜ ብዙ ሰው ልዩ መነጽር ሲፈልግ ነበር። ለቴሌስኮፕ ግን ማጣሪያው ከዐይን በኩል ሳይሆን ከቱቦው አፍ ላይ መገጠም አለበት።

የረመዳንና የዒድ ሒላልን በተመለከተ፣ በመሣሪያ የታየ ይቆጠራል ወይስ በባዶ ዐይን የታየ ብቻ በሚለው ዑለሞች ይለያያሉ፤ እርሱን ለእነርሱ እንተዋለን። መሣሪያው የት ማየት እንዳለብን በማመልከት ግን ይረዳል። ጨረቃዋ ከፀሐይ 7 ዲግሪ ያህል ካልራቀች በቴሌስኮፕም አትታይም ማለት ይቻላል። ‹‹ታየች፣ አልታየችም›› የሚለው ክርክር ሲነሣ ይህን ማወቅ ብዙ ያግዛል። በዚያ ምሽት ምዕራቡ የሚገለጥበት ቦታ፣ ለምሳሌ የቤዛዊት ኮረብታ፣ ይመረጣል። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ከጠለቀች በኋላ በ25 ወይም በ30 ማጉሊያ ጀምሮ አድማሱን ቀስ እያሉ መቃኘት ነው።