ከ40ው ቀን በፊት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። ሥርዓቱ ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ ከደረሰን ከመጽሐፈ ኩፋሌ ትረካ ጋር ይያያዛል፤ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት እንደገቡ የሚነገረው እዚያ ነው። አርስጣጣሊስ ደግሞ ወንድ ፅንስ በ40ኛው፣ ሴቷ በ90ኛው ቀን ግድም በማኅፀን መንቀሳቀስ ይጀምራሉ ብሎ ጽፎ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ለብዙ ዘመን ጨለማ ሆነው ቆዩ። የአጥቢ እንስሳት እንቁላል እንኳ በካርል ኤርንስት ፎን ቤየር የታየው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው።

አሁን እንደምናውቀው ትልቁ ሥራ የሚያልቀው ከ40ው ቀን በፊት ነው። ከተፀነሰ በ3ኛው ሳምንት በፅንሱ ጀርባ ያለው ስስ ንጣፍ መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ጠርዞቹ ተነስተው ይገጥሙና የነርቭ ቱቦ ይሆናል። ላይኛው ቀዳዳ በ25ኛው፣ ታችኛው በ28ኛው ቀን ግድም ይዘጋል። ላይኛው ካልተዘጋ አንጎልና የራስ ቅል በወጉ አይሠሩም፤ ሕፃኑም በሕይወት አይቆይም። ታችኛው ካልተዘጋ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ እግሩ ሊሰንፍ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ሊሳነው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ሊጠራቀም ይችላል። በ28ኛው ቀን እናቲቱ የወር አበባዋ ከቀረባት ገና 2 ሳምንት ግድም ነው። ብዙ ሴት ማርገዟንም አታውቅም።

መከላከያው የተገኘው በዙሪያ ጥምጥም ነው። ሉሲ ዊልስ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም በቦምቤይ የነፍሰ ጡሮች ደም ማነስ በእርሾ ጭማቂ እንደሚሻል በ1931 አሳወቀች። በጭማቂው ያለው ንጥረ ነገር በ1941 ከስፒናች ቅጠል ተለይቶ ወጣ፤ ፎሊክ አሲድ ተባለ። በ1991 በ7 አገሮች የተካሄደ ጥናት ደግሞ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ፅንስ ያጋጠማቸው እናቶች ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በዱቄት ላይ እንዲጨመር አስገደደች።

መቀሌ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 እና 2017 የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትግራይ ሆስፒታሎች 14,903 ወሊዶችን ተከታትለው በ195ቱ የነርቭ ቱቦ ችግር አገኙ፤ ከ10,000 ወሊድ 131 መሆኑ ነው። የዓለም አማካይ ግምት ከ20 አይበልጥም። ከዚያ በኋላ በትግራይ የመጣው ጦርነት የመቀሌውን ዓይደርን የመሰሉ ሆስፒታሎችን መድኃኒት አሳጣቸው።

ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ ግዴታ አድርጋለች። በጎ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን የፋብሪካ ዱቄት የሚደርሰው ለሚገዛው ነው። ጤፉን፣ ገብሱንና ስንዴውን ሰፈር ወፍጮ ቤት አስፈጭቶ እንጀራና ህምባሻ የሚጋግረው ቤተሰብ ከግዴታው ውጭ ይቀራል። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው እንክብልም ቢሆን እናቲቱ በ4ኛው ወር ጤና ጣቢያ ስትደርስ ለደም ማነስ እንጂ ለነርቭ ቱቦው አይደርስም። እንደ እኔ፣ እንክብሉ መሰጠት ያለበት ለነፍሰ ጡር ብቻ ሳይሆን ልትወልድ ላሰበች ሁሉ ነው፤ ጋብቻ ሲታሰብ፣ የወሊድ መከላከያ ሲቋረጥ።

ስለዚህ ለማርገዝ ያሰብሽ እህቴ፣ ቢያንስ ከ1 ወር አስቀድመሽ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ጀምሪ፤ እስከ 3ኛው ወር ቀጥዪ። ከዚህ በፊት ጀርባው ክፍት የሆነ ልጅ ወልደሽ ከሆነ ግን የሚያስፈልግሽ መጠን 10 እጥፍ ነውና ሐኪም ያዝልሽ።