ለአንድ ቋንቋ የተሠራ ማሽን

ሸጎሌ፣ ከከብት ገበያው አካባቢ፣ አሮጌ ኮምፒዩተር የሚጠግን ወዳጅ አለኝ። ለአንድ የፕሮግራም ቋንቋ ብቻ ተብለው ስለተሠሩ ኮምፒዩተሮች ባጫወትኩት ቀን ካቻቢቴውን አስቀምጦ ሳቀ። «ታዲያ ማን ገዛቸው?» አለኝ። የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ ግን ታሪኩ ያለው እዚያው ላይ ነው።

ቋንቋው ሊስፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1958 (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ጆን ማካርቲ በኤም.አይ.ቲ. የጠነሰሰው ሲሆን፣ የተወደደውም ማሽን እንዲያስብ በሚደክሙ ተመራማሪዎች ዘንድ ነበር። ሊስፕ ግን ሆዳም ነው። የማስታወሻ ቦታ ይበላል። በዚያ ላይ አንዱን ትልቅ ኮምፒዩተር ብዙ ሰው ይሻማበታል። በ1974 ገደማ የዚያው ተቋም ሰው ሪቻርድ ግሪንብላት ነገሩን ገለበጠው፤ ቋንቋው ለማሽኑ ከሚያጎነብስ ማሽኑ ለቋንቋው ይሠራ፣ ለአንድ ሰውም አንድ ይሁን አለ።

በዚህ ማሽን ውስጥ እያንዳንዱ መረጃ ቁጥር ይሁን ዝርዝር ምንነቱን የሚናገር ምልክት ይዞ ይጓዛል፤ ማሽኑም ሥራውን ሳያቋርጥ ያጣራዋል። ያገለገለውን የማስታወሻ ቦታ ለቅሞ መልሶ ለማሰናዳትም የተመቸ ነው። ስሕተት ሲገኝ ባለሙያው ፕሮግራሙን ሳይዘጋ እዚያው ከፍቶ ያርመዋል። የሠሩበት ሰዎች ዛሬም ቢናፍቁት አልፈርድባቸውም።

ከዚያ ገንዘብ መጣ። ከአንድ ቤተ ሙከራ ሲምቦሊክስና ኤል.ኤም.አይ. የተባሉ ሁለት ተቀናቃኝ ኩባንያዎች ወጡ፤ ቤተ ሙከራው ተራቆተ፤ አብረው ያደሩ ሰዎች ተኳረፉ። በዚህ የተቆጨው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ሥራ አወጀ። (ከኩርፊያው የተረፈው ትልቁ ነገር ይኸው ሳይሆን አይቀርም።) ሲምቦሊክስ በ1985 በዓለም የመጀመሪያውን የ«ዶት ኮም» አድራሻ እስከ ማስመዝገብ ደርሶ ነበር። ይሁንና የማሽኖቹ ዋጋ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነበር፤ ርካሹ ተራ ኮምፒዩተር ደግሞ በየዓመቱ እየፈጠነ መጣና ደረሰባቸው። ኤል.ኤም.አይ. በ1987 ከሰረ፤ ሲምቦሊክስም በ1993 ተከተለው።

ቋንቋው ግን አልሞተም። ስኪም የተባለው የሊስፕ ልጅ እኛው ከተማ ድረስ መጥቷል፤ በ2013 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው የአይኮግ ላብስ ወጣቶች ከሠሩባቸው ሥራዎች አንዱ የሆነው ኦፕንኮግ የሚታዘዘው በስኪም ጭምር ነው።

ይህንንም ለወዳጄ ነገርኩት።

«በምን ማሽን ላይ?»

«በተራው።»

ካቻቢቴውን አነሣ።