ሥር ከነአፈሩ ሲጓዝ፦ ከጃፓን የሳረንስት ኳስ እስከ እኛ ችግኝ

ዛሬ ስለ ማዳበሪያ አናወራም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን የአንድ ነገር ታሪክ እንይ። ችግኝ ከቦታ ቦታ ሲሄድ ሥሩ በምን ተይዞ ይሄዳል? ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ግን ክረምት የተከልነውን ችግኝ ጥቅምት ላይ ደርቆ የምናገኝበት አንዱ ምክንያት እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

ከሩቁ እንጀምር። ጃፓኖች ዛፍን በትንሽ ሳህን የማሳደግ ልማድ አላቸው፤ ቦንሳይ ይባላል። ይህ ልማድ በኤዶ ዘመን፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1603 እስከ 1868 ባለው ጊዜ በሕዝቡ ዘንድ በሰፊው ተስፋፋ። ሳህን ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ ተክል ሥሩ አፈሩን ጠፍሮ ስለሚይዘው ሲያወጡት አይፈርስም። እነሱም እንዲሁ ያለ ሳህን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያስቀምጡታል። ቆይቶ አፈሩን ሳረንስት ያለብሰዋል። ሳረንስት የምንለው በክረምት እርጥብ ድንጋይና የዛፍ ግንድ ላይ የሚለጠፈውን ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ነው። ኮኬዳማ የሚባለው የሳረንስት ኳስ ከዚህ ልማድ የወጣ ነው፤ ኮኬ ሳረንስት፣ ዳማ ኳስ ማለት ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። በዘጌ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ከአቡነ በትረ ማርያም በትር እንደተገኙ ይተረካል። ከእናቱ ቡና ሥር የበቀለን ችግኝ ከነአፈሩ አንስቶ ሌላ ቦታ መትከልም በአገራችን የቆየ አሠራር ነው። አባቶቻችን አፈሩ የሥሩ ቤት መሆኑን ያውቁ ነበር።

በ1887 ዓ.ም. ገደማ በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ሲቸግራት ባሕር ዛፍ ከውጭ ገባ፤ ቆይቶም ጎጃም ደረሰ። ከ1966ቱ ድርቅ በኋላ ደግሞ የዘመቻ ተከላና የችግኝ ጣቢያ በዛ። ጥቁሩ ፕላስቲክም አብሮ ተለመደ። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል።

ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፣ እርጥበትም ይይዛል። ችግሩ ሥሩ ግድግዳው ጋ ሲደርስ መውጫ አጥቶ ይጠመዘዛል፤ ፕላስቲኩም አፈር ውስጥ አይበሰብስም። ቡሬ አካባቢ አንድ አባት አቮካዶዬ አላድግ አለ ብለው ጠሩኝ። ቆፍረን ብናይ ፕላስቲኩ እንዳለ ነው። «ልጄ፣ ከነልብሱ ትከሉት ያላችሁን መስሎኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ችግኙን ስንሰጥ ይህን አልነገርናቸውም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ እንዲህ እናድርግ፦
• ከተከላው በፊት ባለው ቀን ችግኙን ውኃ ማጠጣት፤ ደረቅ አፈር ይበተናል።
• ግንዱን ይዞ አለመጎተት፤ ፕላስቲኩን በምላጭ ከጎን ቀዶ ማውጣት።
• ከታች የተጠመዘዘውን ሥር መቁረጥ።
• ፕላስቲኩን ሰብስቦ ማሳ ውስጥ አለመተው።

የጃፓኑን መሞከር ለሚፈልግ፣ በተለይ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከተማ ጓሮ ለሌላችሁ፦ ዋልካ አፈርና የበሰለ ኮምፖስት በውኃ ለውሱ፤ ስትጨብጡት የማይፈርስ ይሁን። ጥላ የሚወድ ትንሽ ተክል ሥሩን መሐል አድርጋችሁ አድቦልቡሉት፣ ሳረንስት አልብሱት፣ በቃጫ እሰሩት። ፀሐይ በቀጥታ አይንካው። በእጃችሁ አንሱት፤ ከቀለለ ጠምቶታልና ባልዲ ውኃ ውስጥ አረፋው እስኪያቆም ንከሩት፣ ከዚያ አንጠፍጥፉት። ዩሪያ አትስጡት። ሳረንስቱንም ከቤተ ክርስቲያን ደን አትላጡ፤ ከጓሮ ድንጋይ ትንሽ ይበቃል።

ኳሱን በእጁ የሠራ ሰው ሥር ያለ አፈር እንደማይኖር በዓይኑ ያያል። ልጆቻችሁ ቤት ውስጥ ይሥሩት፤ ሐምሌ ላይ ማሳ ስትሄዱ ችግኙን እንዴት እንደሚይዙት ታያላችሁ።

መልካም የተከላ ጊዜ!