ፊልም የታሪክ ምንጭ ነውን? የኃይሌ ገሪማ ዘጋቢ ፊልሞች እንደ ምስክር



ንግግሬን በኑዛዜ ልጀምር። በማስተማር ሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት አንድ ተማሪ ስለ ዐድዋ ባቀረበው ጽሑፍ የኃይሌ ገሪማን «ዐድዋ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም በማስረጃነት ጠቅሶ ነበር። «ፊልም የታሪክ ምንጭ አይደለም» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍኩበት፤ ማርኩንም ቀነስኩ። ያ ፍርዴ ስሕተት እንደነበር ዛሬ አምናለሁ።

ፕሮፌሰር ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቺካጎ ቲያትር፣ ቀጥሎም በሎስ አንጀለስ ፊልም ተማሩ፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፣ «ሳንኮፋ» እና «ጤዛ» በተባሉት ልብ ወለድ ፊልሞቻቸው ነው። የዘጋቢ ፊልም ሥራቸው ግን ከዚህ ባልተናነሰ ሊጠና ይገባዋል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የሠሩት ፊልም በሰሜን ካሮላይና የዊልሚንግተን ከተማ ስለተፈረደባቸው ዐሥር ሰዎች ነው። ሰዎቹ በ1971 ከተቃጠለ አንድ ግሮሰሪ ጋር በተያያዘ ተከሰው ረጅም የእስራት ቅጣት ተወሰነባቸው። ዋና ዋናዎቹ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ቆይተው ቃላቸውን አጠፉ፤ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ1980 ፍርዱን ሻረው። ፊልሙ የተሠራው ግን ፍርዱ ገና ሳይሻር ነው። እስቲ አስቡት፤ በ1979 ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍና በፍርድ ቤቱ መዝገብ ብቻ የሚመካ የታሪክ ተመራማሪ የሚደርስበት መደምደሚያ «ወንጀለኞች ናቸው» የሚል ይሆን ነበር። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሁሉ እውነት አይደለም። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነው በተማሪዬ ላይ የሰጠሁትን ፍርድ መጠራጠር የጀመርኩት።

በ1999 የወጣው «ዐድዋ» በአረጋውያን ትረካ፣ በዜማና በባህላዊ ሥዕል የተገነባ ነው። ተራኪዎቹ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጦር ሜዳው የዋሉ አይደሉም፤ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይናገራሉ። ከምናውቃቸው የዐድዋ ሥዕሎች ብዙዎቹም ከጦርነቱ ዐሥርተ ዓመታት በኋላ የተሣሉ ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሰማይ ሆኖ ሲዋጋ ይታያል፤ በልማዱ ወገን በሙሉ ፊት፣ ጠላት በጎን ይሣላል። እንዲህ ያለው ሥዕል የሠራዊቱን ቁጥር አይነግረንም። ሕዝቡ ድሉን እንዴት እንደተረዳውና ለልጆቹ እንዴት እንዳስተላለፈው ግን ይነግረናል፤ ይህም ራሱ ታሪክ ነው።

ይህን ስል ፊልሙ ያለ ምርመራ ይታመን ማለቴ አይደለም። ፊልም የግርጌ ማስታወሻ የለውም፤ የአረጋዊው ቃል ከማን እንደተወረሰ ተመልካቹ ላያውቅ ይችላል፤ ከየትኛው ንግግር የቱ ተቆርጦ እንደቀረም አይታይም። ስለዚህ ለአንድ ደብዳቤ የምናቀርባቸውን ጥያቄዎች ለፊልምም እናቅርብ። ማን ሠራው? መቼ? ለማን? ምንስ ተወው?

የዚያን ተማሪ ማርክ አሁን ማስተካከል አልችልም። እናንተን ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየመንደሩ ሳይጠየቁ የሚያልፉ አረጋውያን አሉ፤ በየእጃችሁም መቅረጫ አለ። ስትቀርጹ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን መመዝገብ አትርሱ፤ ቃሉን ከማን እንደሰማም ጠይቁት። ነገ እንደ እኔ ያለ መምህር ቀይ ቀለሙን ከማንሳቱ በፊት ቆም ብሎ የሚያስበው ያን ጊዜ ነው።