ስለ ብር ስምና ስለ ገንዘብ አቈጣጠር

የገንዘብ ስም በመዝገብ ላይ በሚገባ ካልተጻፈ፥ ቃሉ ሳይጠፋ የተናዛዡ አሳብ ይጠፋል። «ኀምሳ ብር ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ» የሚል ኑዛዜ ቢገኝ፥ ዓመተ ምሕረቱ ካልተጨመረበት በቀር የየትኛው ዘመን ብር እንደ ሆነ ዳኛም ካህንም ለመፍረድ ይቸገራል።

ብር አስቀድሞ የማዕድን ስም ነው፤ በግእዝ ብሩር የሚባለው ነው። ስለዚህ በአማርኛው ወንጌል ይሁዳ ተቀበለ የተባለው ሠላሳ ብር ሠላሳ የብር ገንዘብ ማለት እንጂ፥ ዛሬ በኪስ የሚያዘው ወረቀት አይደለም። ይህን ሰባኪው ካልገለጸው፥ ሕፃናት ጌታ በሠላሳ የወረቀት ብር እንደ ተሸጠ አድርገው ይሰሙታል።

በአገራችን ገበያ ለብዙ ዘመን ብር የተባለው የኦስትርያዋ ገዥ የማርያ ትሬዛ መልክ ያለበት ገንዘብ ነው። ገዥይቱ በ1780 በፈረንጅ አቈጣጠር ካረፈች በኋላም፥ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ መላልሶ ተሠርቷል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ስለ ሆነ፥ ከመገበያያነቱ ሌላ ለሚዛን ድንጋይነትም አገልግሏል። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ያሠሩት ብር 1887 ዓ.ም. ተጽፎበታል፤ ግማሹ አላድ፥ አራተኛው ክፍል ሩብ፥ ስምንተኛው ክፍል ተሙን ተባለ። እነዚህ ስሞች ክፍልፋዩን በትክክል የሚናገሩ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ግን ስምና ዋጋ ተለያዩ። ስሙኒ እንደ ተሙን ሁሉ ከስምንት ቍጥር የወጣ ስም ነው፤ ሕዝቡ ግን 25 ሳንቲሙን ስሙኒ አለው። በስሙ ስምንተኛ፥ በዋጋው አራተኛ ሆነ ማለት ነው! 50 ሳንቲሙም ሽልንግ ተባለ፤ ይህስ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የምሥራቅ አፍሪቃ ሽልንግ በአገሩ ይሠራበት ነበርና፥ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንዱ በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ፤ ግማሹም የሽልንጉን ስም ወረሰ። ሳንቲም ራሱ የፈረንሳይ ቃል ነው።

ይህ ገንዘብ በአማርኛ የኢትዮጵያ ብር ሲባል በእንግሊዝኛ የኢትዮጵያ ዶላር ይባል ነበር። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1976 በወጣው ሕግ የእንግሊዝኛው ስምም ብር ሆነ። የዚያን ዘመን ውል የሚተረጕም ሰው ዶላር የሚለውን ቃል ባየ ጊዜ የአሜሪካ መስሎት እንዳይስት ያስፈልገዋል።

ስለ ብዙ ቍጥርም ጸሐፊዎች ይሳሳታሉ። የእንግሊዝኛውን ልማድ ተከትለው «ዐሥር ብሮች»፥ «አምስት ዶላሮች»፥ «ሦስት ኪሎዎች» የሚሉ አሉ፤ አማርኛ ግን ቍጥር ከቀደመ መለኪያውን በነጠላ ይተወዋል። ዐሥር ብር፥ ሁለት ቁና፥ ሰባት ክንድ ይባላል እንጂ ሰባት ክንዶች አይባልም። የኖኅ መርከብ ርዝመትም በአማርኛው ሦስት መቶ ክንድ ነው። ግእዙም በዚህ አይርቅም፤ ዐሠርቱ በእመት እያለ መለኪያውን በነጠላ ያኖራል። ብሮች ማለት የሚገባው ገንዘቡ እንደ ዕቃ ሲታይ ነው፤ «ከሣጥኑ የተገኙት ብሮች ዝገዋል» ቢባል ነውር የለበትም። «ሃያ ብሮች ከፈለ» ማለት ግን፥ ሃያውን አንድ በአንድ ለይቶ ካላሳየ በቀር፥ የተርጓሚ አማርኛ ነው። ቡና ነጋዴው 17 ኪሎውን ፈረሱላ ብሎ ሲሸጥ «ዐሥር ፈረሱላ» ይላል፤ ፈረሱላዎች ሲል የሰማው የለም።