ከመቃብር ድንጋይ ላይ የተቆጠረ ፊደል

ለንደን ውስጥ፣ ከቅዱስ ፓንክራስ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ በጥንታዊው የቅዱስ ፓንክራስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። የተቀረጸበት ስም ሜሪ ዎልስተንክራፍት ጎድዊን ይላል። ለሴቶች መብት የተሟገተችው ይህች ደራሲ ኦገስት 30 ቀን 1797 እ.ኤ.አ. ሴት ልጅ ተገላገለች። የእንግዴ ልጁ አልወጣ ስላለ ሐኪም በእጁ እየቆራረሰ አወጣው። ከዚያ የአራስ ትኩሳት ያዛት፤ ሴፕቴምበር 10 አረፈች።

ሕፃኗ የእናቷን ስም ወረሰች። አባቷ ዊልያም ጎድዊን ወደ መቃብሩ ይዟት ይሄድ ነበር፤ ፊደል የቆጠረችውም የድንጋዩን ሆሄያት በጣቷ እየተከተለች ነው ይባላል። እንዲያ ከሆነ ይህች ልጅ የገዛ ስሟን ማንበብ የለመደችው ከሟች ስም ላይ ነው። በ1814 ባለቅኔውን ፐርሲ ሼሊን በስውር ታገኘው የነበረውም እዚሁ ነበር።

ይህች ልጅ አድጋ ደራሲዋ ሜሪ ሼሊ ሆነች፤ በእንግሊዝኛ ስለ ሞት መጻፍ የተጀመረው ግን በእርሷ አይደለም። ሮበርት ብሌር «መቃብሩ» የተሰኘውን ረጅም ግጥሙን በ1743 አሳትሟል፤ ሆራስ ዋልፖል ደግሞ በ1764 የጎቲክ ልቦለድን በር ከፍቷል። በዋልፖል ልቦለድ ውስጥ ግን ሞት የሚመጣው በመንፈስና በትንግርት ነው። ሜሪ ሼሊ ያመጣችው ሬሳውን ራሱን ነው።

ለምን እንደሆነ ማስታወሻ ደብተሯ ይናገራል። በ1815 መጀመሪያ ያለጊዜዋ የተወለደች ሴት ልጇ ሳምንታት እንኳ ሳትቆይ ሞተችባት። በማርች ወር ሕልም አየች፦ ሕፃኗ በርዷት ኖሮ እሳት ዳር ሲያሿት ነፍስ ዘራች። ስትነቃ ሕፃን የለም። በዓመቱ፣ በ18 ዓመቷ፣ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር «ፍራንከንስታይን»ን መጻፍ ጀመረች። ብዙዎች መጽሐፉን ስለ ሳይንስ ትዕቢት የተጻፈ አድርገው ያነቡታል። እውነት አለው፤ ነገር ግን ከሁሉ በፊት እናቷም ልጇም የሞቱባት ሴት መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ ጃንዋሪ 1 ቀን 1818 የደራሲዋ ስም ሳይጠቀስ ሲወጣ፣ የለንደን አንባቢ ባለታሪኩ ቪክቶር ፍራንከንስታይን ፍጡሩን የሚሠራበትን ሥጋና አጥንት ከየት እንደሚለቅም ለማወቅ ማብራሪያ አላስፈለገውም። የ1752ቱ ሕግ ለሐኪሞች የሚፈቅደው በነፍስ ግድያ የተሰቀሉ ወንጀለኞችን ሬሳ ነበር፤ ይህ ደግሞ ለሕክምና ትምህርት ቤቶች ፈጽሞ አልበቃም። ስለዚህ ሌቦች በሌሊት አዲስ መቃብር ይከፍቱ ጀመር። የቅዱስ ፓንክራስ ግቢም ከሚያዘወትሯቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። የሳጥኑን ክዳን ከራስጌ በኩል ሰብረው ሬሳውን በገመድ ይስቡና መግነዙን ገፈው እዚያው ይተዉት ነበር። ምክንያቱም በሕግ ዓይን ሬሳ የማንም ንብረት አልነበረም፤ መግነዝ መውሰድ ግን ስርቆት ነበር። በ1828 ኤድንበራ ላይ በርክና ሄር 16 ሰዎችን ገድለው ሬሳቸውን ለአናቶሚ መምህር መሸጣቸው ተጋለጠ። የ1832ቱ ሕግ ዘመድ ያልጠየቃቸውን ድሆች አስከሬን ለሐኪሞች ሲፈቅድ የሌቦቹ ገበያ ተዘጋ፤ ዕዳው ግን በድሃ ላይ ወደቀ።

ሜሪ ሼሊ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1851 አረፈች። ከወላጆቿ ጋር መቀበር ትፈልግ ነበር። ወንድ ልጇና ምራቷ ግን የቅዱስ ፓንክራስን ግቢ ስላልወደዱት የእናቷንና የአባቷን አጽም አስቆፍረው ወደ ቦርንመዝ ወሰዱና ሦስቱም በአንድ ቦታ አረፉ። ሆሄያቱን በጣቷ ተከተለችበት የሚባለው ድንጋይ ባዶ መቃብር ላይ እንደቆመ ለንደን ቀረ።