የተማሪ እንጀራ፦ የኮሌጅ ቀን ግጥሞችና የግቢው ኑሮ (1943—1967 ዓ.ም.)

በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ይነበቡ የነበሩት የአማርኛ ግጥሞች በሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ የራሳቸውን ስፍራ ከያዙ ቆይተዋል። ስለ እነርሱ የሚጻፈው ግን በአብዛኛው ግጥሞቹን የተማሪው ንቅናቄ ዋዜማ አድርጎ የሚመለከት ነው። ገጣሚው ተቃዋሚ ነበር፣ ግጥሙም የተቃውሞ ግጥም ነበር ተብሎ ይታለፋል። ይህ አመለካከት ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም፤ ጎደሎ ነው እንጂ። ለምን ያ ተቃውሞ በግጥም መጣ? ለምንስ በአማርኛ? ለምንስ ስለ ራሱ ስለ ተማሪው ሳይሆን በድኃው አንደበት ተናገረ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ከርዕዮተ ዓለም ታሪክ ይልቅ ከግቢው ኑሮ ውስጥ ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ አጠያየቃችንን ከታች እንጀምር፤ ያ ተማሪ የት ያድር ነበር? ማን ያበላው ነበር? የበላውስ እንጀራ የማን ነው ብሎ ያስብ ነበር?

በአገራችን የተማሪ ኑሮ ሲነሣ ቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ነው። ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር የሚዞረው ይህ ተማሪ የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው ከገበሬው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ነው። የሚያድረው በቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ በተቀለሰች ጎጆ ነው። የመንደሩ ውሻ ጠላቱ፣ የመንደሩ እናት ባለውለታው ናት። ይህን ኑሮ እንዲያው በችግሩ ብቻ ማስታወስ ልማድ ሆኗል፤ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላው ባሕርዩ ነው። የቆሎ ተማሪ እንጀራው ከማን እጅ እንደመጣ ያውቃል። አዝመራው ያማረ እንደሆነ አኩፋዳው ይከብዳል፤ አንበጣ የበላው እንደሆነ ከገበሬው ጋር እርሱም ይራባል። ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ብድሩም የሚከፈልበት መንገድ የታወቀ ነው፤ የዛሬው ለማኝ ነገ ካህን ወይም የኔታ ሆኖ የዚያኑ ገበሬ ልጅ ያስተምራል፣ ሙቱን ይፈታል። ተማሪው ያለበት ዕዳ የሚታይ ዕዳ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ኑሮ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ፍጹም ተቃራኒ ነበር። ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሥራውን ሲጀምር በኃላፊነት የመሩት ቀደም ሲል የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት ናቸው። ከእርሳቸው ጋር የመጡት ኢየሱሳውያን የካህን ልብሳቸውን ትተው እንደማንኛውም የውጭ አገር መምህር በሱፍና በክራቫት ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ የመጡት ከጄኔራል ዊንጌት፣ ከኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከተፈሪ መኰንንና ከመሳሰሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። ብዙዎቹ ኮሌጅ ከመግባታቸው በፊት ጀምሮ በአዳሪነት የኖሩ ነበሩ። መኝታው፣ ምግቡና ትምህርቱ በነጻ ነው። ደወል ሲደወል ወደ ምግብ አዳራሽ ይገባሉ፤ ተቀምጠው ይበላሉ፤ ሳህኑን የሚያጥበው ሌላ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ ቢባል በወቅቱ የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ ከግርማዊነታቸው። ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስቴሩን ሥልጣን ለብዙ ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው የቆዩ፣ በየትምህርት ቤቱ እየተዘዋወሩ ተማሪውን የሚጎበኙ፣ ወደ ውጭ አገር የሚላከውንም ጠርተው አሰናብተው የሚልኩ ነበሩ። ተማሪው «ልጃችን» ነው። አባት ሲያበላ ደግሞ ልጅ «ከየት አመጣኸው?» ብሎ አይጠይቅም። በቆሎ ተማሪውና በገበሬው መካከል የነበረው የፊት ለፊት ዝምድና በዚህ ላይ ተቋረጠ። ግብሩን የከፈለው፣ ጤፉን ያመረተው ሰው ከምግብ አዳራሹ መስኮት አይታይም። የኮሌጅ ቀን ግጥም የተወለደው ከዚህ ካልታየው ሰው ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የኮሌጅ ቀን የግቢው ዓመታዊ በዓል ነው። እንግዶች ይጋበዛሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ ይገኛሉ፤ በግጥም ውድድር ያሸነፉት ተማሪዎች ሥራቸውን ያነባሉ። እዚህ ላይ ቋንቋውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የኮሌጁ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነበር። የተማሪዎቹ ጋዜጣ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ»፣ ኋላም የማኅበሩ ልሳን የሆነው «ስትራግል»፣ ስማቸው እንደሚመሰክረው በእንግሊዝኛ የሚታተሙ ነበሩ። ተማሪው ከተማሪ ጋር ስለ ፖለቲካ ሲከራከር በእንግሊዝኛ ነው፤ ከንጉሡ ጋር ሲነጋገር ግን በአማርኛ፣ ያውም በግጥም። ምክንያቱ የአማርኛ ፍቅር ብቻ አይመስለንም። በዝርው ቢነገር አመፅ የሚባለው ነገር በግጥም ሲነገር የሚሰማበት የቆየ ሥርዓት ነበረ። ባለቅኔ በንጉሥ ፊት ቆሞ በሰሙ እያመሰገነ በወርቁ ሊገሥጽ ይችላል፤ አዝማሪም በግብር ላይ የሌላው ሰው አፍ የማይደፍረውን ይናገራል። ተማሪው ይህን ፈቃድ ከአባቶቹ ወረሰ። የወረሰውን ፈቃድ ግን ባልተለመደ መንገድ ተጠቀመበት፤ ሰሙን እያሳሳ ወርቁን ገላልጦ ማቅረብ ጀመረ።

ለዚህ ዋናው ምስክር የታምሩ ፈይሳ «ደሀው ይናገራል» ነው። ግጥሙ የቀረበው በ1953 ዓ.ም. ነው። ዓመቱ ተራ ዓመት አልነበረም። በታኅሣሥ ወር የክብር ዘበኛ መኰንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ነበር፤ የኮሌጁ ተማሪዎችም ሙከራውን ደግፈው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ተሰልፈው ነበር። ሙከራው ከሽፎ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መንበራቸው ተመለሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ያው ተማሪ ግጥም ይዞ ወጣ። ርዕሱ ብቻውን ብዙ ይነግረናል። «ተማሪው ይናገራል» አላለም። ተማሪውማ የሚናገርበት ጋዜጣ ነበረው፤ የበላም የጠገበም ነው። አንደበት ያጣው ድኃው ነው። ገጣሚው የራሱን አፍ ለዚያ ከመስኮቱ ለማይታየው ሰው አዋሰው። የቆሎ ተማሪ «ስለ ማርያም» ብሎ ለራሱ ሆድ ከገበሬው ይለምን ነበር፤ የኮሌጁ ተማሪ ስለ ገበሬው ከንጉሡ ፊት ቆመ። ልመናው አቅጣጫውን ቀየረ እንጂ የተማሪነት ልማድ አልጠፋም።

በዚያው ሰሞን የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ያነሡታል፣ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ግን ብዙም ልብ አላሉትም። ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ላይ ተመረቀ። በዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ በመፈንቅለ መንግሥቱ ፍጻሜ መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ ከተገደሉ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ቀድሞ ተማሪው የአባቱን እንጀራ ይበላ ነበር፤ አሁን የአባቱን ቤት ወረሰ። ስለ ድኃ ለሚጽፍ ሰው ከቤተ መንግሥት ውስጥ ሆኖ መጻፍ ምን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር እንደሆነ ለአንባቢ መተው ይሻላል።

የአዳሪነቱ ሥርዓት ብዙም አልቆየም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ቀርቶ ተማሪው በድጎማ ገንዘብ ከግቢ ውጭ እንዲኖር ተደረገ። ለምን እንደቀረ ሲጠየቅ የወጪው መብዛት ይጠቀሳል፤ በአንድ ቦታ አብሮ የሚያድርና አብሮ የሚያወራ ወጣት ያሰጋል የሚለው የፖለቲካ ምክንያትም ይጠቀሳል። ሁለቱም ሳይኖሩበት አይቀሩም። ውጤቱ ግን ከታሰበው የተለየ ሆነ። ተማሪው ክፍል ተከራይቶ ከከተማው ድኃ ጎረቤት ገባ። የጭቃ ግድግዳውን፣ የውኃ ወረፋውን፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድረውን ነዳይ በየቀኑ አየ። በ1958 ዓ.ም. ለማኞች ከከተማው ተለቅመው ሾላ በተባለው መጠለያ መታጎራቸውን በመቃወም ተማሪው የተሰለፈው ድኃን ከመጽሐፍ ብቻ ስላነበበ አይደለም።

ሌላው ድልድይ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ተወሰነ፤ አብዛኛው የተመደበው በመምህርነት ነበር። ስለዚህ ጉዳይ በተለምዶ የሚነገረው «ተማሪው ገጠር ወርዶ የገበሬውን ችግር አየ፤ ከዚያም መሬት ለአራሹ አለ» የሚል ነው። የዘመኑን ቅደም ተከተል ለተመለከተ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። «መሬት ለአራሹ» የተባለበት ሰልፍ የተደረገው በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ አገልጋዮች ገና በየተመደቡበት ነበሩ። ስለዚህ መፈክሩ የቀደመው ከጉዞው ነው። ድኃው በቃል ከታየ በኋላ ነው በዓይን የታየው፤ ቃሉን ያለማመደው ደግሞ፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር፣ ከዚያ በፊት ሲነበብ የኖረው ግጥም ነው። ሥነ ጽሑፍ የኑሮ ነጸብራቅ ብቻ ነው ለሚሉ ወገኖች ይህ ትንሽ የቀን ልዩነት ሊያሳስባቸው ይገባል። አገልግሎቱ ያመጣው ነገር ሌላ ነው፤ የግቢውን ቋንቋ ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ይዞ ወረደ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪውም ሰልፍ መውጣት ጀመረ።

ከአገልግሎቱ በኋላ የግጥሙም ድምፅ ተለወጠ። የኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊ ማነው?» ስለ ድኃው መናገሩን አልፎ ስለ ማንነት ጠየቀ። በ1959 ዓ.ም. የቀረበው የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) «በረከተ መርገም» ደግሞ ከሁሉም የተለየ መንገድ ያዘ። ርግማኑ ያነጣጠረው በገዢው ላይ ብቻ አይደለም፤ በጥበበኞቹ፣ በፈልሳፊዎቹ፣ ዕውቀትን ለሰው ልጅ አበረከቱ በተባሉት ላይ ነው። ሥራቸው የተበዳዩ ቀንበር ማጥበቂያ ሆኗልና ይረገማሉ። ይህን እንዲያው የወጣትነት ምሬት አድርጎ ማለፍ ለግጥሙ አይመጥንም። የቤተ ክህነትን ቋንቋ ጠንቅቆ የሚያውቅ ገጣሚ በረከትንና መርገምን አንድ ላይ ሲያጣምር የሚያደርገውን ያውቃል። ከስድስት ዓመት በፊት ተማሪው አፉን ለድኃው አዋሰ፤ አሁን የራሱን ዕውቀት፣ ማለትም በሌላው ኪሣራ ያገኘውን ትምህርት፣ ረገመው። የተሰወረው ዕዳ ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ የወጣበት የኮሌጅ ቀን ግጥም ያለ አይመስለንም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጠነ። በ1960 ዓ.ም. በራስ መኰንን አዳራሽ የተዘጋጀውን የፋሽን ትርኢት በመቃወም ረብሻ ተነሣ፤ የልብስ ጉዳይ የአገር ክብር ጉዳይ ተደረገ። ለተገፋው የቆመው ወጣት በዚያ ዕለት ትርኢቱን ሊያዩ በመጡት ሴቶች ላይ እጁን ማንሣቱ ሊዘነጋ አይገባም። የግጥሞቹ «ድኃው» ሁልጊዜ ወንድ የሆነው በአጋጣሚ ነውን? ይህ ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልገዋል። በኅዳር 1962 ዓ.ም. የዋለልኝ መኰንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ በ«ስትራግል» ላይ ወጣ። በታኅሣሥ 19 ቀን የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግሥቱም አስከሬኑን ይዘው በነበሩት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ግቢው ውስጥ ገብተው ተኮሱ። አባትና ልጅ የሚባለው ነገር በዚያ ቀን አበቃ። በንጉሥ ፊት ቆሞ ግጥም ማንበብም ትርጉም አጣ፤ የግጥሙን ቦታ በራሪ ወረቀትና የርዕዮተ ዓለም ክርክር ወሰደው። በ1965 ዓ.ም. ከወሎ የመጡ የረሃብተኞች ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ሲታዩ ያ ለብዙ ዘመን በስንኝ ብቻ ሲጠራ የኖረው ገበሬ ፊቱ በቀጥታ ታየ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው በሙሉ ወደ ገጠር ሲላክ ደግሞ ደጁን የሚያንኳኳው ተማሪ እንጀራ ለመለመን ሳይሆን አዋጅ ለማንበብ የመጣ ነበር።

ስለ ግጥሞቹ ያለን ዕውቀት ዛሬም በተወሰኑ ርዕሶች ላይ የቆመ ነው። በእጅ እየተገለበጡ ከተማሪ ወደ ተማሪ የተላለፉ፣ ሽልማት ያላገኙና ስማቸው ያልተጠራ ግጥሞችም ነበሩ። እነዚህ ተሰብስበው ከኑሮው ታሪክ ጋር ጎን ለጎን እስካልተነበቡ ድረስ የምናወራው ስለ አሸናፊዎቹ ብቻ ነው። ሰብሳቢው ከባዱ ሥራ ስንኞቹን ማግኘቱ ብቻ አለመሆኑን ይወቅ፤ የምግብ አዳራሹን ደንብ፣ የድጎማውን መጠን፣ የምደባውን ደብዳቤ አብሮ መፈለግ አለበት።

ለዛሬው የግቢ ግጥም አጥኚም አንድ ነገር እናመልክት። በ1983 ዓ.ም. በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከአርባ አልፈዋል። ተማሪው በምደባ ከማያውቀው ክፍለ ሀገር ይሄዳል፤ በአንድ ክፍል ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ያድራል፤ ከካፌ ይበላል፣ ወይም የምግቡን ገንዘብ ተቀብሎ ውጭ ይመገባል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። የታምሩ ፈይሳ ዘመን ተማሪ ስንት እንደተበደረ፣ ለማን እንደሚከፍል የሚነግረው ወረቀት አልነበረም። የዛሬው ተማሪ ዕዳ በብር ተሰልቶ፣ አበዳሪው መንግሥት ተብሎ ተጽፎ፣ ከስሩ ፊርማ አርፎበታል።